ፀሐይዋን ከመስታወቱ በውጭ አቁማት

ልጄ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ስለ መስኮቶችህ እንነጋገር። የገዛኸውን ሞተርሆም ዞሬ አይቼዋለሁ። ሞተሩ ደህና ነው፤ ጎማው ገና ብዙ ይሄዳል፤ ጣሪያው ላይ ወጥቼም ስንጥቅ አላየሁበትም። እግዚአብሔር የደግ መንገድ ያድርግላችሁ። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል፤ በሾፌሩ በኩል ያሉት ሦስቱ መስኮቶችና የመኝታው መስኮት ከውጭ ምንም ጥላ የላቸውም። በበሩ በኩል ትልቁ ሸራ አለልኝ ብለህ አትዘናጋ፤ እሱ የሚያገለግለው ያንን ጎን ብቻ ነው። የላስ ቬጋስን ጁላይ ታውቀዋለህ። ጁላይ 7 ቀን 2024 ሙቀቱ 120 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 49 ሴንቲግሬድ ደርሶ በከተማዋ ከዚያ በፊት ያልተመዘገበ ሆኗል። እናትህ ደግሞ የምትመጣው ከደሴ ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጋቢ ደርባ የምታመሽ ሴት ናት። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። ቅጠሉን አሁን ነው የምንቆርጠው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ሙቀቱ ከየት እንደሚገባ አስቀድመህ እወቅ። ሰው ሁሉ በጣሪያና በግድግዳ የሚገባ ይመስለዋል። በዚያም ይገባል፤ ግን ግድግዳው ውስጥ ፎም አለ፣ ያዘገየዋል። መስታወቱን ግን የሚያዘገየው ነገር የለም። ብርሃኑ በመስታወቱ አልፎ ወንበሩን፣ ወለሉን፣ ጠረጴዛውን ሲመታ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ያ ሙቀት ደግሞ በገባበት መንገድ አይወጣም። መስታወት የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋል እንጂ ከጋለ ዕቃ የሚወጣውን ጨረር አያሳልፍም። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ዝግ የሆነ ሞተርሆም ውስጥ ስትገባ ትንፋሽ የሚያሳጥርህ ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ከውስጥ መጋረጃ ይዘጋል፣ ወይም የሚያብለጨልጨውን ፎይል መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ምንም አይጠቅምም አልልህም፤ ፎይሉ ከብርሃኑ የተወሰነውን ወደ ውጭ ይመልሳል። ነገር ግን መጋረጃው ሲግል የሚግለው ከመስታወቱ ወዲህ ነው፤ ሙቀቱ ቤት ገብቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሸራው በውጭ ሲሆን የሚግለው ሸራው ራሱ ነው፤ ሙቀቱንም ነፋሱ ይወስደዋል እንጂ ወደ እናንተ አይደርስም። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ለቤት ባለቤቶች በሚሰጠው ምክር የመስኮት ሸራ በበጋ የሚገባውን የፀሐይ ሙቀት በደቡብ መስኮት እስከ 65 በመቶ፣ በምዕራብ መስኮት ደግሞ እስከ 77 በመቶ እንደሚቀንስ ይገልጻል። ምክሩ ለመኖሪያ ቤት የተጻፈ ቢሆንም ፀሐይዋ ቤትና ሞተርሆም አትለይም። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንዲሉ፣ በውጭ የተሰቀለ ሸራ ምን እንደሚሠራ ያላየ ሰው መጋረጃውን ሲያመሰግን ይኖራል።

አንተ ቁጥር ትወዳለህና በቁጥር ላስረዳህ። ጥርት ባለ ቀን ፀሐይን ፊት ለፊት የተቀበለ አንድ ሜትር ካሬ ወደ 1,000 ዋት ያገኛል። አመሻሽ ላይ ወደ ምዕራብ የዞረ ባለ አንድ ንብር መስታወት በሜትር ካሬ 600 ዋት ያህል ወደ ውስጥ ያስገባል። በሾፌሩ በኩል ያሉትን መስኮቶች ለክቻቸዋለሁ፤ ሲደመሩ ሁለት ሜትር ተኩል ካሬ ይጠጋሉ። ይህ 1,500 ዋት ነው። በክረምት እግራችሁ ሥር የምታስቀምጧትን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በጁላይ ለኩሳችሁ እንደመቀመጥ ማለት ነው። ጣሪያህ ላይ ያለው ኤሲ ባለ 13,500 ቢቲዩ ነው፤ በዋት ሲተመን 3,950 ገደማ ሙቀት ያወጣል። እንግዲህ ከጉልበቱ ሲሶ በላይ የሚሆነው ለእነዚያ መስኮቶች ብቻ ይሄዳል። ለጣሪያው፣ ለግድግዳው፣ ለምድጃው፣ ለአምስት ሰው ትንፋሽ የሚተርፈው ቀሪው ነው። በዚያ ላይ ኤሲ ከሚስበው አየር ላይ የሚቀንሰው ወደ 20 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ 100 የሳበ 80 ይተፋል። ቤቱ አንዴ ከጋለ በኋላ መልሶ ማቀዝቀዝ እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘልቅ ሥራ ነው። ሁለተኛ ኤሲ ልጨምር ብትል በ30 አምፔር መስመር ላይ አይሆንም፤ 30 በ120 ቮልት ሲባዛ 3,600 ዋት ነው፣ እሱም ለማቀዝቀዣውም ለማይክሮዌቩም ለሁሉም። ሸራ ግን አንድም አምፔር አይጠይቅህም። ኔቫዳ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው መሬት የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ሶኬት በሌለበት እንደዚያ ባለ ሜዳ ላይ ስትሰፍሩ ጄኔሬተር ሳታስነሣ የሚያገለግልህ እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ የትኛው መስኮት ይቅደም? ሻጩ ሁሉንም ጎን ሸፍን ይልሃል፤ ገንዘብ ካለህ ክፋት የለውም። እኔ ግን መጀመሪያ ከቀትር በኋላ ፀሐይ የምታገኘውን ጎን ሸፍን እላለሁ። የዚህ አገር ፀሐይ እንደ አገር ቤቷ አይደለችም። እኛ ዘንድ ከቀኑ 12 ሰዓት ሲሆን ጀንበር ዘቅዝቃለች፣ ዓመቱን ሙሉም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ላስ ቬጋስ ግን በጁን መጨረሻ በእኛ 12 ሰዓት፣ በእነሱ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገና ከአድማሱ 21 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ዓይን ዓይንህን ታይሃለች። የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። አየሩም በጣም የሚግለው በዚያው ከቀኑ 10 እና 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ይደራረባሉ፤ አየሩ እሳት በሆነበት ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በመስኮት በቀጥታ ትገባለች። እኩለ ቀን ላይ 77 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትሆን፣ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል፣ የደቡቡን መስኮት የምትነካው በጨረፍታ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ። በእነዚህ ወራት ፀሐይዋ የምትጠልቀው በትክክል በምዕራብ ሳይሆን ወደ ሰሜን አጋድላ ነው። ይኼኛው የሰሜን መስኮት ነው፣ አያስፈልገውም ብለህ የተውከው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ይገባበታል። የመኝታህን መስኮት የጠቀስኩልህ ለዚህ ነው። ልጆቹን በጊዜ ላስተኛ ብትል ክፍሉ አያስተኛም።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርህን አጥብቀህ ያዝ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ከግድግዳው ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ የሚወጣ ሸራ አለ፤ ወደ ታች ተዳፍቶ የሚወርድም አለ። በፎቶግራፍ ላይ የሚያምረው ቀጥ ያለው ነው። ነገር ግን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ 33 ዲግሪ ገደማ ላይ ስትሆን፣ 50 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ የወጣ ሸራ ግድግዳው ላይ የሚጥለው ጥላ 32 ሴንቲ ሜትር ነው። 12 ሰዓት ላይ ወደ 19 ይወርዳል። የአንተ መስኮት ቁመቱ 60 ነው። እንግዲህ እናትህ ጠረጴዛው አጠገብ ስትቀመጥ ጥላው ከራሷ በላይ ቀርቶ ደረቷና ጭኗ ላይ ፀሐይ ይሆናል። ያንኑ 50 ሴንቲ ሜትር የወጣውን ሸራ ጫፉን በ50 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብታደርገው ግን ጥላው 11 ሰዓት ላይ 82፣ 12 ሰዓት ላይ 69 ይሆናል። መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ። ለዚህ የሚያስፈልግህ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ጨርቅና 45 ዲግሪ የሚዳፋ ክንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ ጠይቀው፤ ክንዱ ምን ያህል ይዳፋል? በተለያየ ከፍታ የሚቆለፍ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ፤ ቀትር ላይ ከፍ፣ አመሻሽ ላይ ዝቅ ታደርገዋለህ።

ዕይታ ይሸፍናል ትለኝ ይሆናል። አድማሱን ይሸፍናል፤ ነገር ግን ከሥሩ መሬቱን፣ የሚመጣ የሚሄደውን፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ታያለህ። መስኮቱንም ከፍተህ አየር ማስገባት ትችላለህ፤ ይህን ፎይል የለጠፈ ሰው አያገኘውም። ሌሊቱ ሲበርድ በአንዱ በኩል መስኮት ከፍተህ የጣሪያውን ፋን ወደ ውጭ እንዲነፋ ብታደርገው የቀኑን ትኩሳት ያወጣልሃል።

ቦታ የመምረጥ ዕድል ካገኘህ አቋቋምህን አስብበት። ትልቁ ሸራ በቀኝ፣ በበሩ በኩል ስለሆነ አፍንጫውን ወደ ደቡብ ብታዞረው ቀኙ ወደ ምዕራብ ይሆናል፤ የማታዋን ፀሐይ ትልቁ ሸራ ይቀበልልሃል። ሆኖም የመብራቱ፣ የውሃውና የፍሳሹ መስመር በግራ በኩል ስለሚገናኝ ብዙ ካምፕ ውስጥ ፊትህን ወዴት እንደምታዞር የሚወስነው ቦታው ነው። ግራህ ምዕራብን የሚያይበት ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የመጀመሪያውን ብር በሾፌሩ በኩል አውጣው የምልህ ለዚህ ነው። የማቀዝቀዣህ መተንፈሻም በዚያው ጎን ነው፤ በጋዝ የሚሠራው ዓይነት ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው ይደክማል።

ስለ ጨርቁ ደግሞ፤ ገበያ ላይ የምታገኘው በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቪኒል፣ ፕላስቲክ የተቀባ ሸራ ነው። ውሃ አያስገባም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን አይተነፍስም፤ እርጥብ እንደሆነ ከጠቀለልከው ሻጋታ ያበቅላል፣ ብርድ ሲያገኘውም ይደርቅና በታጠፈበት ይሰነጠቃል። ሁለተኛው የተሸመነ አክሪሊክ ነው፤ ሰንብሬላ ሲሉ የምትሰማው የዚህ ዓይነቱ ነው። ቀለሙ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ክሩ ሲሠራ አብሮ የገባ ስለሆነ ፀሐይ ቶሎ አያጠፋውም፤ ይተነፍሳል፣ ቶሎ ይደርቃል። ከባድ ዝናብ ላይ ሊያስተላልፍ ይችላል። ላስ ቬጋስ ግን በዓመት የሚዘንበው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዝናብ ለሌለበት አገር የዝናብ ጨርቅ ምን ይሠራል? የምትሸሸው ፀሐይን ነውና አክሪሊኩን ግዛ። ሳምፕል ስጡኝ በልና ወደ ፀሐይ አንሥተህ በእሱ በኩል እይ፤ የፀሐይዋ ክብ ቅርጽ ነጥሮ ከታየህ ሽመናው ሳስቷል ማለት ነው፣ ተወው። ስፌቱንም ገልብጠህ እይ። ብዙ ሰው ጨርቁን ብቻ ያያል፤ ተራው ፖሊስተር ክር ግን ፀሐይ ስለሚያነደው ከጨርቁ ቀድሞ ያልቃል፣ ሸራው ደህና ሆኖ ሳለ ጠርዙ ይተረተራል። ፀሐይ የሚችል ክር ያለውን ጠይቅ፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ይበቃልሃል።

ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን፤ አሸዋማ ወይም ፈዛዛ ግራጫ። ጥቁሩ አቧራ ይሸሽጋል ይላሉ፤ ሙቀት ግን ይጠጣል።

ከዕቃ መደብር ገዝተው በገመድ የሚወጥሩት ሰማያዊ ፕላስቲክ አለ፤ ለአንድ ከሰዓት ይሆናል። ለዚህ አገር ሐሩር ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ፀሐዩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያነጫጨዋል፣ ብናኙም መሬት ላይ ይቀራል።

ልኩን በተመለከተ አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ። በዕቃው ላይ የሚጻፈው ርዝመት ከክንድ እስከ ክንድ ያለው ነው፤ ጨርቁ ከዚያ ያንሳል። ፀሐይዋ ደግሞ ሁልጊዜ ፊት ለፊት አትመጣም፤ ከጎን ስትመጣ በጠርዙ ትሾልካለች። ስለዚህ ጨርቁ ከመስኮቱ በግራና በቀኝ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር እንዲያልፍ አድርገህ እዘዝ። ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ካለህ ከክንዱ ጋር እንዳይጋጭ፣ የዕቃ ማስቀመጫዎቹ በሮችም ሲከፈቱ እንዳይነኩት እይ። ጠረጴዛው ያለበት ክፍል ወደ ውጭ የሚንሸራተተው ስለሆነ፣ ሸራው ታጥፎ ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚያብጥ በሜትር ለካ፤ ከጣሪያው ጫፍ ያለውን የተንሸራታቹን ሸራም እንዳይነካው።

ገጠማው ላይ አትቸኩል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይኼ ነገር የሚፈታው ደግሞ ሀይዌይ ላይ ነው። የሞተርሆም ግድግዳ እንደ ቤት ግድግዳ አይደለም፤ ስስ ፋይበርግላስ፣ ከጀርባው ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ከዚያ ፎም ነው። በዚያ ላይ ብሎን ብታስር ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው ቀዳዳው ይሰፋል። ከውስጥ የአሉሚኒየሙ ማገር ያለበትን ቦታ ማግኘት አለብህ። አሉሚኒየም በማግኔት አይገኝምና የሞዴልህን የግድግዳ ንድፍ ከአምራቹ ጠይቀህ አስመጣ፤ የመብራት ሽቦ የሚያልፍበትንም ያሳይሃል። ብሎኖቹ የማይዝጉ ይሁኑ። ከእያንዳንዱ መያዣ ጀርባ ቡቲል ቴፕ አድርግ፤ ብሎኑን ስታጠብቀው ቴፑ በጠርዙ ሲጨመቅ ካየህ ደህና ነው፣ ትርፉን በፕላስቲክ ቢላ ቆርጠህ የላይኛውንና የሁለቱን ጎን ጠርዝ በማሸጊያ ዝጋ። ተራ ሲሊከን አትጠቀም፤ ሲያረጅ ይላጣል፣ በእሱም ላይ ሌላ ማሸጊያ አይጣበቅም። በአንድ ብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ ከውስጥ ኮምፔንሳቶውን አበስብሶ ግድግዳውን ያሳብጠዋል። ለቅዝቃዜ ብለህ ቤቱን እንዳታጣ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ያን ጊዜ ነው።

በሞተር የሚሠራና በእጅ የሚሳብ አለ። ለመስኮት በእጅ የሚሳበው ይበቃሃል፤ የሚበላሽ ነገር የለውም፣ ሽቦም አያስፈልገውም። ግን አንድ ነገር በብርቱ አስጠነቅቅሃለሁ። በጥቅሉ ውስጥ የተወጠረ ሞላ አለ። ሸራውን የሚመልሰው እሱ ነው፤ ጉልበቱ ቀላል አይምሰልህ። ጨርቁን ልቀይር ብለህ የጥቅሉን ጫፍ በፒን ሳትቆልፍ ብትፈታ ሞላው በቅጽበት ይሽከረከራል፤ ጣት ይሰብራል። ስትስበውም ማሰሪያውን መዳፍህ ላይ አትጠምጥመው፤ በዘንጉ መንጠቆ ያዘው። ሲመለስ እየያዝክ ቀስ ብለህ እንጂ ለቀህ አይደለም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ለልጆቹም ይህን ንገራቸው፣ የተዘረጋ ሸራ መወዛወዣ አይደለም።

ነፋሱን ደግሞ ናቀው የሚል አይምከርህ። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር በኔቫዳና በአሪዞና የሞንሱን ወቅት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ነፋስ አቧራ አስነሥቶ ይደርሳል። አንድ ካምፕ ውስጥ ጎረቤታችን ሸራውን ዘርግቶ ወደ ገበያ በሄደበት ነፋሱ ከሥር ገብቶ ክንዱን ነቅሎ ጣሪያው ላይ ሲገለብጠው በዓይኔ አይቻለሁ፤ የኤሲውን ክዳን ሰብሮ ነው ያቆመው። ስለዚህ ከሞተርሆሙ ስትርቁ፣ ማታም ስትተኙ ይጠቅለል። ለመንገድ ስትነሡ ደግሞ ክንዶቹ መቆለፋቸውን በእጅህ ነክተህ አረጋግጥ፤ በተለይ የግራዎቹን፣ ከበሩ በኩል ስለማይታዩ የሚረሱት እነሱ ናቸው። በጭነት መኪና ሾፌርነቴ ዘመን ከመነሣቴ በፊት ዙሪያውን ሳልዞር ወጥቼ አላውቅም፤ አንተም እንዲሁ ልመድ። እርጥብ ሆኖ ከጠቀለልከው በደረስክበት ዘርግተህ አድርቀው። ሲቆሽሽ በለብታ ውሃና በቀላል ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ነው።

ሸራ የማይደርስበትም አለ። የፊት መስታወቱ ከሁሉም መስኮት ይበልጣል፤ ለሱ ከውጭ የሚለበስ ጥቅጥቅ ያለ መረብ በልኩ ታሰፋለታለህ። ይህ ከሸራዎቹ ሁሉ ርካሽ ስለሆነ ነገውኑ እዘዘው። የጣሪያው ፋን ክዳንና የመታጠቢያው የጣሪያ መስኮት በትራስ መሳይ ፎም ከውስጥ ይደፈናሉ፤ እዚያ ላይ ከውስጥ መሆኑ ግድ ነው። መስታወቱ ላይ ጥቁር ፊልም አስለጥፍ የሚልህ ይኖራል። የአንተ ባለ አንድ ንብር ስለሆነ ይቻላል፤ ባለ ሁለት ንብር ቢሆን ግን ፊልሙ የሚይዘው ሙቀት በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለውን ማሸጊያ ሊያላቅቀው ስለሚችል የመስኮቱን አምራች ሳትጠይቅ አታስነካው።

እናትህ ቡና ሳታፈላ እንደማትውል ሁለታችንም እናውቃለን። ውስጥ አታፈላም። ምድጃው በገዛ እጃችን የምንጨምረው ሙቀት ነው። ከሰል ደግሞ ጨርሶ አይግባ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ከደጅ፣ ከትልቁ ሸራ ጥላ አጠገብ ቦታ አዘጋጅላት፤ ምድጃዋ ግን ከሸራው ሥር ሳይሆን ወጣ ብሎ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደሌላ በሚወስድበት በኩል ይሁን። ሸራ እሳት ይይዛል።

ጉዞውንም ወደ ደጋው አድርገው። ቆላና ደጋ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ላስ ቬጋስ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የግራንድ ካንየን ደቡብ ጠርዝና ፍላግስታፍ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ሴንቲግሬድ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ በአንድ ቀን መንገድ ወደ ወሎ አየር ትደርሳላችሁ። እናትህ እዚያ ታርፋለች።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶኛል። ጥላ የፀሐይን ትኩሳት ይከለክላል እንጂ የአየሩን አይከለክልም። ውጭው 45 ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን ኤሲው ቢቆም፣ መብራት ቢጠፋ፣ ጄኔሬተሩ እምቢ ቢል፣ ሸራ አለን ብላችሁ ውስጥ አትቀመጡ። በዕድሜ የገፋ ሰውና ሕፃን ሙቀት ሲጎዳቸው ቶሎ አይናገሩም። ሳትጠግን፣ ሳትደዋውል፣ መጀመሪያ ሰዉን ወደ ቀዘቀዘ ሕንፃ ውሰድ፤ ገበያ አዳራሽም ይሁን ቤተ መጻሕፍት። ለደቂቃም ቢሆን ልጆቹን ብቻቸውን ውስጥ ትተህ አትውረድ።

ዋጋው አንዱ ሸራ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ አራቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ካስቸገረህ በሾፌሩ በኩል ካሉት ከሦስቱ ትልቁን፣ ጠረጴዛው አጠገብ ያለውን አስቀድም፤ ከዚያ የመኝታውን፤ ሁለቱ ትናንሾች ይቆዩ። ያገለገለ ካገኘህም አትናቀው፤ ክንዱና ጥቅሉ ደህና ከሆነ ጨርቁ ብቻ ይቀየራል፤ መገጣጠሚያዎቹ ላይ መሰንጠቅ ካየህበት ግን ተወው። ከማዘዝህ በፊት የጻፍከውን ልክ ላክልኝና አብረን እናየዋለን። ዕቃው ሲደርስ አንተ የግድግዳውን ንድፍ፣ ቡቲል ቴፑንና ብሎኖቹን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ፤ እኔ መሰላሉንና መሰርሰሪያውን ይዤ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፣ ግድግዳው ሳይግል እንጨርሳለን።